ጥርሷ እስኪነቀል

ዛሬ ጠዋት መገናኛ ታክሲ ውስጥ ገብቼ እንደተቀመጥኩ አንዲት ወጣት ሕፃን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ታክሲው ወደ ቦሌ ነው፤ ገና አልሞላም። ሕፃኗን አየኋት። ጉንጯ ካልገመጥኩት ያሰኛል፣ ዐይኗ ደግሞ ሰው ያስደነግጣል።

"አቤት ፉንጋ!" አልኩ። "ይቺን ደግሞ ከየት ለቅመሽ አመጣሻት?"

ወጣቷ ጆሮዋ ውስጥ የሰካችውን ነቀለችና "ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?" አለች።

"ፉንጋ ናት አልኩሽ። ዐይንሽ አያይም?"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ነይ ዊንታዬ፣ ነይ እናቴ። የሰው ኔጌቲቭ ኢነርጂ ለኛ ምን ያደርግልናል!" ብላ ልጅቷን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። አንዱ ጎረምሳ "ማዘር ዛሬ ደብሯቸዋል" አለና ሳቁብኝ። እኔ ማስረዳት አልወድም። ለሚገባው አንድ ቃል ይበቃዋል፤ ለማይገባው ምራቄን አልጨርስም።

ከዚያ በኋላ የገባው ሁሉ የኋለኞቹን ሹክሹክታ እየሰማ እኔን አለፈኝ። ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ። መገናኛ ላይ፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት! ሰው በር ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄድበት ከተማ! ታክሲው ይሸታል፤ ላብ ላይ ሽቶ ደፍተውበት አንዱን ሽታ ሁለት አድርገውታል። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተቀባብለው፣ አይተያዩም። ያስጠላሉ።

ባዶ ወንበር ግን እኔን አያስደነግጠኝም። እኔን ያሳደገኝ ባዶ ወንበር ነው።

ልጅ ሳለሁ ስሜ ጥራጊ ነበር። ቤት ሲጠረግ ተሰብስቦ ወደ ውጭ የሚጣለው፣ እሱ ነበርኩ። "ጥራጊ፣ ነይ ወዲህ!" "ጥራጊ፣ ውሃ አቀብይኝ!" እንዲያ የምትጠራኝ ጠላቴ አልነበረችም፤ እናቴ ሐሊማ ናት። የጎረቤት ልጆች "ዐይኔ"፣ "ሆዴ"፣ "የናቷ ማር" ሲባሉ እሰማለሁ። እኔን ግን እናቴ ፀጉሬን አበጥራልኝ አታውቅም። ፊቴን ጥላሸት ቢነካው አትጠርግልኝም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ራሷ የምትቀባኝ ይመስለኝ ነበር። (አሁን አውቃለሁ። ራሷ ነበረች።) አባቴ አብዱራሕማን ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ለዒድ ሌላው ልጅ አዲስ ሲለብስ እኔ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ከጎረቤት የተለመነ ቡቱቶ እለብሳለሁ። እንግዳ መጥቶ "ምን የመሰለች ልጅ ናት!" ያለ እንደሆነ እናቴ እንደ እብድ ትቆጣለች። "ምኗ ነው የሚያምረው? ደግሞ የኔ አይደለችም። የሰው ናት፣ በአደራ ነው ያለችው።"

"የሰው ናት" ሲባል እየሰማሁ አደግሁ። እናቴ ትጠየፈኛለች ብዬ ፈረድኩ። ልጅ ሲፈርድ ይግባኝ የለውም።

ሰፈራችን ወሎ ሰፈር ነው። የዛሬውን አታስቡ፤ ሆቴል በሆቴል፣ መስታወት በመስታወት ሆኖ ሰው የገዛ ፊቱን እያየ የሚያልፍበትን። ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ የጭቃ ቤትና ባሕር ዛፍ ነበር። ከቦረና፣ ከቃሉ፣ ከወረሂመኖ የመጣ የወሎ ሰው ዘመድ ዘመዱን እየተጠጋ የሠራው ነው። አንዱ ቢያስነጥስ አጎቱ ሁሉ ከየበሩ ይመርቀዋል። የማያውቀውን ሰው ማየት የፈለገ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ አውቶቡስ መጠበቅ ነበረበት።

ማክሰኞ ማክሰኞ እናቴ እጄን ጎትታ አውቶቡስ ታሳፍረኛለች። ለሰው "ከተማ ጉዳይ አለኝ" ትላለች። ለገሀር እንወርዳለን። እናቴ ሻሿን ታስተካክላለች፣ ግራና ቀኝ ታያለች፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግረን በሌላ አውቶቡስ ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ምንም አንገዛም፣ ምንም አንሸጥም። እኔ የከተማ ጉዳይ ማለት ይኸው ነው ብዬ አምን ነበር። ለካ ከተማ ምንም ጉዳይ አልነበራትም። ጉዳይዋ አውቶቡሱ ውስጥ ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ወርቅዬ አለች።

ወርቅዬን ከማየቴ በፊት ሽታዋ ይደርሰኛል። ከቄራ ጨጓራና አንጀት ገዝታ፣ በዘይት ቆርቆሮ ሞልታ፣ የኮባ ቅጠል ሸፍናበት ካዛንቺስ ላሉ ጠጅ ቤቶች የምታደርስ ሴት ናት። አጥቤዋለሁ ትላለች፤ ታጥቦም ፈርስ ፈርስ ይላል፣ በሬው የበላው ሣር ሆዱ ውስጥ ሞቆ የሚሸተውን ሽታ። ክረምት ላይ መስኮቱ ሲዘጋ ጉሮሮ ይይዛል። ለእኛ ደግሞ የክርስቲያን ሥጋ ነው፤ እንኳን መብላቱ መንካቱም ያንገሸግሸናል።

ትኬት ቆራጩ ገብረየስ ገና ደረጃውን ስትረግጥ ይጀምራታል። "መጣች ወርቅዬ ጨጓራዋ! አፍንጫ ያለህ ያዝ!"

አውቶቡሱ ይስቃል።

"አንተ ገብረየስ፣ ማታ ጠጅ ቤት ቁጭ ብለህ የምትሰለቅጠው የማንን ጨጓራ መሰለህ?" ትለዋለች። መልሷ ከእሱ ቀልድ ይሻል ነበር፤ ግን ለሷ የሚስቅላት የለም። ሄዳ ከኋላ ትቀመጣለች። አጠገቧ ማንም አይቀመጥም። ቄሱ ቆሞ ይሄዳል፣ ነፍሰ ጡሯ ቆማ ትሄዳለች፣ ሽማግሌው በዱላው ተደግፎ ይወዛወዛል፤ ያ ወንበር ባዶ ነው።

እናቴ ከዚያ ሁሉ ሰው ተለይታ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ፣ ባዶው ወንበር ላይ እኔን ታስቀምጣለች። ራሷ ትቆማለች።

"እንደምን ሰነበትሽ እትዬ ወርቅዬ። ልጅሽን አመጣሁልሽ።"

"እሰይ! ደህና ሰነበተች? አላስቸገረችሽም?"

"ምን ታደርግ፤ ትበላለች፣ ታለቅሳለች። ፉንጋነቷን እንደሆነ ታዪዋለሽ።"

"ይሁን። ፉንጋም ብትሆን የኔው ናት። አሳድጊልኝ ብቻ።"

"እሺ፣ አሳድግልሻለሁ።"

በየሳምንቱ ይኸው ነው፤ እንደ ሶላት ቃሉ አይለወጥም። ከዚያ ወርቅዬ ከመቀነቷ ሎሚ ታወጣለች። መዳፏን፣ ጥፍሮቿን፣ የጣቶቿን መሀል ሁሉ በሎሚው ታሻለች። አሽታ ስትጨርስ ጉንጬን ትይዘኛለች። ቄራ አጠገብ ያደገ ልጅ ጨጓራ እንዴት እንደሚሰናዳ ያውቃል፤ በሎሚ ታሽቶ ነው። እኔንም እያሰናዳችኝ ነበር።

ሎሚው ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል፤ በሎሚው አይደለም። ኋላ እኔም ምግብ ቤት ሠርቻለሁ። ጨጓራ የሚያጥብ እጅ ቢላዋ የተወው ጭረት አይጠፋበትም፤ በዚያ ላይ ሎሚ ሲነካው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ያቺ ሴት የሰው ሕፃን ጉንጭ ለመንካት ብላ ቁስሏ ላይ ሎሚ ስትጨምቅ አውቶቡስ ሙሉ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያያት ነበር። የሚያቅለሸልሸኝ እሱ ነው።

ጉንጬን ለቃ ደግሞ "እስቲ ጥርስሽን ልየው" ትላለች። አፌን አስከፍታ የፊት ጥርሶቼን በአውራ ጣቷ ነካ ነካ ታደርጋለች። የቄራ ነጋዴዎችም በሬ ሲገዙ ይህንኑ ሲያደርጉ በአጥር ቀዳዳ አይቻለሁ።

"ገና ነው" ትላለች ለእናቴ። "ጥርሷ ሲነቀል ነው እንግዲህ።"

"አዎ፣ ያኔ ነገሩን እንጨርሰዋለን" ትላለች እናቴ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። እኔ ቸኩላ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ወርቅዬ ከቆርቆሮው አርቃ፣ ደረቷ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ የቋጠረችውን ዳቦ ቆሎ ትሰጠኛለች። የሚታረድ ይቀለባል ብዬ እያሰብኩ እበላለሁ። ሆዳም ነበርኩ።

ሰባት ዓመት ሲሞላኝ የታችኛው የፊት ጥርሴ ተነቃነቀ።

ሌላ ልጅ ጥርሱ ሲነቃነቅ ይዘላል፤ ነቅሎ ጣራ ላይ ይወረውረዋል፣ አዲስ አብቅልልኝ ይላል። እኔ ዝም አልኩ። ቀን በምላሴ ደግፌው እውላለሁ፣ ማታ አገጬን በጨርቅ አስሬ እተኛለሁ። በጎን በኩል አኝካለሁ። "ምነው አፍሽ ተለጎመ፣ አንቺ ጥራጊ?" ትላለች እናቴ፤ አንገቴን ነቅንቄ ዝም። አባቴ ሲሰግድ ከኋላው ቆሜ "ያ አላህ፣ ጥርሴን አጥብቅልኝ፣ ሌላ ምንም አልለምንህም" እላለሁ። እናቴ ብትጠየፈኝም እናቴ ናት። በሷ ቤት ጥራጊ መሆን ይሻለኛል እንጂ ወርቅዬ ቆርቆሮ ውስጥ ኮባ ለብሼ ካዛንቺስ አልገባም።

ማክሰኞ አይቀር፣ ደረሰ። "ሆዴን አመመኝ" አልኩ። እናቴ ጆሮዬን ይዛ አስነሳችኝ።

"ተነሺ! አደራ በላች ልታስብዪኝ ነው?"

የክረምት ጠዋት ነበር፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ገብረየስ አፍንጫውን በትኬቱ ጥራዝ ሸፍኖ "ዛሬስ የሞተውን ነው የጫንሽው!" እያለ ይጮሃል። እናቴ ወሰደችና አስቀመጠችኝ። ቃሉ ተባለ፤ "ልጅሽን አመጣሁልሽ"፣ "አሳድጊልኝ"። ሎሚው ወጣ። ጉንጬ ታሸ።

"እስቲ ጥርስሽን።"

ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩ።

"ምን ሆናለች?"

"እኔ እንጃ፤ ሰሞኑን አፏን ቆልፋለች።"

ወርቅዬ አየችኝ። ትንንሽ ዐይን ነበራት፣ ጭስ ያቀላው። ምንም ሳትል ጨርቋን ፈታችና አንድ ዳቦ ቆሎ ከንፈሬ ላይ አስጠጋችልኝ። ስንዴውና ቅቤው ሸተተኝ። አልኳችሁ፣ ሆዳም ነበርኩ። ረሳሁት። በፊት ጥርሴ ነከስኩት።

ቀጭ አለ። አፌ ሞቀ፣ ጨው ጨው አለኝ። ጥርሴ ወርቅዬ ጭን ላይ ወደቀ፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ደም የነካው። ሦስታችንም አየነው። እናቴ "ያረቢ!" ብላ የወንበሩን ብረት ያዘች።

ወርቅዬ እጇን ወደ አፌ ስትልክ ነከስኳት። ሎሚና ደም ቀመስኩ፣ የኔ ይሁን የሷ አላውቅም። "አልሄድም!" ብዬ ጮህኩ። "አልታረድም! እማ፣ አትስጪኝ! ጥራጊ እሆናለሁ፣ ዝም ብዬ ጥራጊ እሆናለሁ!"

አውቶቡሱ በሙሉ ዞረ። ገብረየስ "ምን አደረገቻት ይቺ?" እያለ ሰው እየገፋ መጣ። አንዷ ሴት "ድሮም ዐይኗ አላማረኝም" አለች። እናቴ ቆማ ታለቅሳለች። ለወርቅዬ አንዲት ቃል አልተናገረችላትም፤ አሁን ሳስበው ለመናገር አልተፈቀደላትም ነበር። ነገሩን መጨረስ ያለባት ወርቅዬ ራሷ ናት።

ወርቅዬ የተነከሰ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ብድግ አለች። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ስትቆም አይቻት አላውቅም። በብብቴ ይዛ ከወንበሩ አነሳችኝ፣ አውቶቡሱ ይወዛወዛል፣ እኔ እግሬን አራግባለሁ። ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች፤

"ሰው ሁሉ ስማ! ገብረየስ አንተም ስማ! ይቺን ልጅ እዚህ አውቶቡስ ውስጥ ወድቃ አገኘኋት። የማንም አልነበረችም፣ የኔ ነበረች። ዛሬ ለሐሊማ ሰጠኋት። ከዛሬ ወዲያ የኔ አይደለችም፣ የሐሊማ ናት!"

ከዚያ ፊቴን ወደ ፊቷ አስጠግታ ተፋችብኝ። እንትፍ፣ ግንባሬ ላይ። እንትፍ፣ በቀኝ ጉንጬ። እንትፍ፣ በግራዬ። አንስታም ለእናቴ አቀበለቻት።

እናቴ ጎንበስ ብላ የወርቅዬን ጉልበት ሳመች። ሰው አጉረመረመ፤ የነጋዴ ሚስት፣ ሻሽ ያሰረች ሙስሊም፣ የጨጓራ ሻጭ ጉልበት ስትስም። ቀና ስትል እኔን አንገቷ ስር ወሽቃ "ሸሪፋ" አለች። "ሸሪፋዬ፣ ዐይኔ፣ ሸሪፋዬ።"

ሸሪፋ ማን ናት ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

በሚቀጥለው ፌርማታ ወረድን። ለገሀር ገና ነበር። እናቴ አንገቷን ሳታዞር፣ እኔን ታቅፋ፣ በጭቃው ትሮጥ ጀመር። እኔ ግን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ አየሁ። በመስኮቱ ወርቅዬ ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ስር፣ ከእግሯ ስር፣ የሆነ ነገር በእጇ ትዳብሳለች። ደሜን እየጠረገች መሰለኝ። እንዲህም አሰብኩ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ መርምራኝ፣ ጥርሴን ቆጥራ፣ አሽታ አሽትታ በመጨረሻ አልወደደችኝም። በሬም ቢሆን ጥርሱ ከወለቀ አይገዛም። ሰው ሁሉ የሚጠየፋት ወርቅዬ እኔን ተጠየፈችኝ፤ ተፍታም ወረወረችኝ።

እንግዲህ አስቡት። ልትወስደኝ ነው ብዬ ስንት ሌሊት አገጬን አስሬ የተኛሁ ልጅ፣ ስላልወሰደችኝ ተነፋረቅሁ።

ዳግመኛ በዚያ አውቶቡስ አልሄድንም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ፀጉሬን ታበጥራለች፣ ቅቤ ትቀባኛለች፣ አባቴ ከሱቁ ምርጡን ጨርቅ ያሰፋልኛል። ስሜ ሸሪፋ ሆነ። ጥራጊ ያለኝን ልጅ እናቴ በዱላ ታባርረዋለች። እኔ ምን እንደተለወጠ አልገባኝም፤ ጥርስ ያወለቀ ሁሉ እንዲህ የሚደረግለት መስሎኝ ሁለተኛውን በራሴ እጅ ነቀልኩት።

እውነቱን እናቴ የነገረችኝ የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ ነው። ሆዴን አይታ "እንዳታሞግሺው" አለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ አወራችኝ።

ከኔ በፊት አራት ቀብራለች። አራቱም ያምሩ ነበር፣ አራቱም ጥርስ ሳይነቅሉ ሄዱ። እኔ ስወለድ ዱበርቲዎቹ፣ እነዚያ ሰፈሩ ሲጨንቀው ዱዓ የሚያደርጉት ባልቴቶች፣ ተሰብስበው መከሯት። ይቺ ያንቺ አትሁን አሏት። ሰው የሚያልፍበት ቦታ ጣያትና ወደ ኋላ ሳታዪ ሂጂ። ያነሳት እሱ ነው ባለቤቷ፤ አንቺ ለሱ አሳድጊለት። አታቆላምጫት፣ አታልብሻት። የወተት ጥርሷ ሲነቀል ባለቤቷ በሰው ፊት ይመልስልሽ። ብቻ የሚያነሳት የማያውቅሽ ይሁን። ሞት ቤት የሚያገኘው ዘመድ ከዘመድ እየጠየቀ ነው።

"በአገራችን ቢሆን መንታ መንገድ ላይ ይጣላል" አለችኝ እናቴ። "ወሎ ሰፈር የት ልጣልሽ? ጉድፍ ላይ ባስቀምጥሽ የምታነሳሽ አክስትሽ ናት! የማላውቀው ሰው ያለው አውቶቡስ ላይ ነው። ተሳፈርኩ። ባዶ ቦታ አንድ ብቻ ነበር። አስቀመጥኩሽና ወደ በሩ ሸሸሁ።"

"ከዚያስ?"

"አለቀስሽ። ያ ገብረየስ የማን ልጅ ናት እያለ ጮኸ። ሁሉም የኔ አይደለችም አለ፤ እኔም ምላሴን ነክሼ የኔ አይደለችም አልኩ። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ከወንበሩ ልትወድቂ ስትዪ አፈፍ አደረገችሽ። 'የማንም ካልሆነች የኔ ናት' አለች። ማንም ሳይነግራት፣ ቃል በቃል! ኋላ ነገሩን አጫወትኳት። 'አራት ቀብረሽ ነው?' አለችኝ። 'አዎ' ስላት፣ 'እኔ የምቀብረው እንኳ አልነበረኝም' አለችኝ።"

"ትፋቱስ?"

"ምን ትፋት? መረቀችሽ እንጂ!" አለች እናቴ ተቆጥታ። "የዱዓ ሽማግሌ እንኳ እንዲያ አድርጎ አይመርቅም።"

ከዚያ "ታዲያ ለምን ተመልሰሽ አላየሻትም?" አልኳት።

"ከመለሰችሽ በኋላ ከተያያችሁ ሞት መንገዱን ያስታውሳል አሉኝ። ፈራሁ።"

"ፈርተሽ ጥለሻት ሄድሽ።"

"ፈርቼ አንቺን ይዤ ሄድኩ" አለችኝ። እንደ እናቴ ያለ ምላስ አላገኘሁም፤ ያለኝም ከሷ የተረፈው ነው።

በማግስቱ ያንን ሆዴን ይዤ ቄራ ሄድኩ። ጨጓራ ሻጮቹን ጠየቅሁ፤ ወጣቶች ናቸው፣ አያውቋትም። ስመለስ ወሎ ሰፈር መንገድ ዳር ሎተሪ የሚያዞር ሽማግሌ አየሁ። ገብረየስ ነው። ጡረታ ወጥቷል፣ ጥርሱ አልቋል፣ አፍንጫው ግን ያው ነው።

"ወርቅዬን ታስታውሳታለህ?" አልኩት።

"ወርቅዬ ጨጓራዋ? ኧረ እሷማ ከሞተች ቆየች! ምስኪን፣ ጥሩ ሴት ነበረች።" ራሱን ነቀነቀ። "በስተርጅና ትንሽ ነካ አድርጓት ነበር። በተሳፈረች ቁጥር ነጠላዋን አጣጥፋ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ሰው አለው፣ ልጄ ትመጣለች ትላለች። ሃሃ! ያዘችው አልያዘችው ማን ሊቀመጥበት! ደግሞ የልጄ ጥርስ ካዛንቺስ ቤቴ ጣራ ላይ አለ ትለናለች። የአውቶቡስ ወለል ላይ ጥርስ ስትፈልግ እኮ እኔን ነው እግርህን አንሳልኝ አንሳልኝ እያለች ያስቸገረችኝ። እንዴት እንስቅባት ነበር መሰለሽ!"

"ማን ቀበራት?"

"እኔ እንጃ" አለ። "ምስኪን" ብሎ ደገመው።

ምስኪን ይላታል! አፍንጫውን ይዞ ኖሮ፣ አሁን አዛኝ ሆኖ ሎተሪውን ያራግብልኛል። ተፋሁበት። እንትፍ አልኩ፣ ሙሉ ምራቄን፣ ጫማው ላይ። ያኛው ምርቃት አልነበረም።

ካዛንቺስ የነበረው ቤቷ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም። አሁን ደግሞ ያ ሰፈር ፈርሶ ተጠርጓል፤ ጣራውን ሁሉ ጠቅልለው በመኪና ጭነው ወስደውታል። ከጣራዎቹ ባንዱ ላይ ጥርሴ ነበር። አዲሱ ግን በቅሎልኛል፤ ሰባ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ የታችኛው የፊት ጥርሴ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም።

ታክሲው ቦሌ መድኃኔዓለም ሲደርስ ያቺ ወጣት ለመውረድ በአጠገቤ አለፈች። እኔን ላለማየት አንገቷን አዙራለች። ሕፃኗ ግን በትከሻዋ ላይ ሆና ዐይን ዐይኔን አየችኝና ሳቀች። ድዷን አየሁት። ባዶ ነው። አንድም ጥርስ ገና አላበቀለችም፤ ይቺ ልጅ ብዙ መንገድ አለባት፣ እናቷ ደግሞ "የኔ ቆንጆ፣ የኔ ንግሥት" እያለች ለከተማው ሁሉ ታውጅባታለች!

"አንቺ!" አልኳት በመስኮቱ። "ጥርሷ እስኪነቀል ፉንጋ ናት! ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን በያት!"

ሴትየዋ እርምጃዋን አፈጠነች። ልጅቷ ስትርቅብኝ እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ አልኩላት። ለካ መስኮቱ ተዘግቷል፤ መስታወቱ ላይ ተዘረገፈ።

"እንዴ ማዘር!" ረዳቱ ጮኸ። "ኧረ ያስጠላል! ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ከድሮም የሚለው ያንኑ ነው" አልኩት። በሻሼ ጫፍ ጠረግሁት።

በወረዱት ምትክ ሌሎች ገቡ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ዐይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ መጣና ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ አየ። ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ነጠላዬን አውልቄ፣ አጣጥፌ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።

"እማማ፣ ሰው አለው?" አለኝ።

"አለው" አልኩት።